ክኒኑና ሲኒማው

የዚህ መጽሔት አዘጋጅ ባለፈው ሳምንት በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ አግኝቶኝ፣ «አንተን የመሰለ ሲኒማ ወዳድ ስለ ዛሬዎቹ ፊልሞች አንድ ነገር ሳይጽፍልን ዓመቱ ሊያልቅ ነው» ቢለኝ፣ እሺ ብዬ ተለየሁት። ማታ ወረቀቴን ዘርግቼ ብቀመጥ ግን አንድ ችግር ገጠመኝ። የዛሬ ፊልም አላስደስት እንዳለኝ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል፤ ይህንኑ በሻይ ቤትም በመኝታ ቤትም ስለፈልፍ ከርሜአለሁ። ሰው የማያውቀው ግን ሌላ ነገር አለ። እኔ ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር ወዲህ በየማለዳው ለጭንቀት በሽታ የታዘዘልኝን አንድ ክኒን እውጣለሁ። ስለዚህ ፊልሙን «ልብ አይነካም» ብዬ ከመክሰሴ በፊት፣ የእኔ ልብ የሚነካ ልብ መሆን አለመሆኑን ማጣራት ግዴታዬ ሆነ። ዳኛው ራሱ ታሞ እንደሆነ ፍርዱን ማን ያምነዋል?

ይህን ስጽፍ ሐኪም ለመምሰል ወይም አዘኔታ ለመለመን አለመሆኑን ውድ አንባቢያን እንድትረዱልኝ እለምናለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ለአካል በሽታ ብቻ አይመስለኝም።

ጥያቄው በልቤ የበቀለው ባለፈው ኅዳር ነው። ከመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ከሦስቱ ጋር ገንዘብ አዋጥተን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ትልቅ ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ወደሚገኝ ሲኒማ ቤት ሄድን። ፊልሙ አዲስ የአማርኛ ፊልም ነበር። በመጨረሻው ላይ ለብዙ ዓመት የተለያዩ እናትና ልጅ ይገናኛሉ። ከኋላችን የተቀመጡት ሴቶች ልጆች ተንሰቀሰቁ። ከጓደኞቼ አንዱ፣ በግቢያችን በደረቅነቱ የታወቀው ሰው፣ በጃኬቱ እጅጌ ዓይኑን ሲጠርግ በጨለማው ውስጥ አየሁት። እኔ ግን በዚያን ጊዜ በኮርኒሱ ላይ ያሉትን አምፖሎች እቆጥር ነበር፤ አሥራ አራት ናቸው። ስንወጣ «እንዴት ነው?» ቢሉኝ፣ «ሙዚቃው ከተዋናዮቹ ቀድሞ ያለቅሳል» ብዬ ትችት አከልኩበት። ሁሉም ሳቁ። ትችቱ እውነት ነበር። ነገር ግን ማታ በአልጋዬ ላይ ተጋድሜ ሳስበው፣ ሙዚቃው ቀድሞ ባያለቅስስ ኖሮ እኔ አለቅስ ነበር ወይ? ፊልሙ ነው ወይስ እኔ ነኝ የደረቅነው?

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ወደ ሁለተኛው ዓመቴ ልመለስ። በጥር ወር የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ወረቀቱ እንደ ተሰጠን፣ ያለ ምንም ምክንያት ልቤ ደረቴን ትደልቅ ጀመር። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ግድግዳው የሚጠጋኝ መሰለኝ። ጥያቄዎቹን አውቃቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ በዚያች ደቂቃ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም መሞቴ ነው። ፈታኙን ሳላስፈቅድ ወጥቼ በደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር እንዳልነበረ ሆኖ ጠፋ። ላቤና ባዶ የፈተና ወረቀቴ ብቻ ቀሩ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በፈተና ቀን የማይጨነቅ ተማሪ እንደሌለ አላጣሁትም። ጭንቀትማ የተማሪ ቀለብ ነው። ነገር ግን ይህኛው ጭንቀት ፈተናው ካለፈ በኋላም አልሄደም። በታክሲ ውስጥ መጣብኝ፤ በቤተ መጻሕፍት መጣብኝ፤ በኋላም ይመጣብኛል የሚለው ፍርሃት ራሱ ሌላ በሽታ ሆኖ ከመኝታ ክፍሌ እንዳልወጣ አገደኝ። ልቤ ታሞ ነው ብዬ ሐኪም ዘንድ ብሄድ፣ የልቤን ምት በመሣሪያ ወረቀት ላይ አነሡት፤ ደሜን መረመሩ፤ እንቅርትም እንዳይሆን ብለው አዩ። ሁሉም ደህና ነው አሉኝ። ደህና ነህ መባል እንዲህ የሚያስከፋ መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ሐኪሙ ግን አስተዋይ ሰው ነበርና፣ «ደህና ነው ያልኩህ ልብህን ነው እንጂ አንተን አይደለም» ብሎ የአእምሮ ሐኪም ወደምትገኝበት ክፍል ላከኝ።

በዚያ በር ለመግባት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በከተማችን አማኑኤል የሚለው የሆስፒታል ስም ራሱ ስድብ ሆኖ እንደሚያገለግል ታውቃላችሁ። አንዱ ባልንጀራ ከሌላው ጋር ሲጣላ «አንተን አማኑኤል ነበር መውሰድ» ይለዋል፤ እኔም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። የብዙ ሰው ሕይወት የታደገ ቤት በእኛ አፍ መሳለቂያ ሲሆን አለማፈራችን ይገርመኛል። እኔ የሄድኩት ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ቢሆንም፣ ያ ስድብ እስከ በሩ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ ነበር።

ሐኪሟ በዕድሜ እናቴን የምታክል ሴት ናት። ረጅም ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ረጅም ጊዜም አዳመጠችኝ። ከዚያም ሰርትራሊን የሚባል መድኃኒት 50 ሚሊ ግራም አዘዘችልኝ። አሠራሩንም እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። በአንጎላችን ውስጥ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርስ ሴሮቶኒን የተባለ ቅመም አለ፤ መልእክቱን ካደረሰ በኋላ ወደ መጣበት ሕዋስ ተመልሶ ይገባል፤ መድኃኒቱ ይህን መመለሱን ስለሚገታው ቅመሙ በሥራው ላይ ይቆያል። «ግን ልጄ፣ ዛሬ ውጠህ ነገ ለውጥ አትጠብቅ» አለችኝ። «ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ሊብስብህ ይችላል።»

እንዳለችውም ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሆዴ እየተገላበጠ፣ እንቅልፍ እያጣሁ፣ ጭንቀቴም በርትቶ አሳለፍኩ። በአምስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ቀን ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ በታክሲ ሄጄ ከወረድኩ በኋላ፣ መንገዱን ሁሉ አለመፍራቴ ትዝ ሲለኝ በአስፋልቱ ዳር ቆሜ ለብቻዬ ሳቅሁ። በሚያዝያ ሐኪሟ መጠኑን ወደ 100 ሚሊ ግራም ከፍ አደረገችው። የሰኔውን ፈተና ከሌሎቹ ጋር ተቀምጬ ጨረስኩ። እነሆ ክኒኑ የሰጠኝ ይህንን ነው፤ ውለታውን መካድ አልችልም።

እናቴ ደሴ ናት። በስልክ ስነግራት ለአፍታ ዝም ካለች በኋላ «ይሄ ዓይነ ጥላ ነው፤ የኔ ልጅ፣ ጠበል ግባ» አለችኝ። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ የጠየቀው «እስከ መቼ ነው የምትውጠው?» ብቻ ነበር። ሐኪሟን ባማክራት «ጠበሉን ተጠመቅ፤ ክኒኑን ግን አታቋርጥ» አለችኝ። እንጦጦ ወጥቼ ሰባት ቀን ተጠመቅሁ። እናቴም ሐኪሟም ደስ አላቸው፤ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማስደሰት የቻልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ለጓደኞቼ ግን አልነገርኳቸውም። ክኒኖቹን ከእሽጋቸው አውጥቼ በቫይታሚን ዕቃ ውስጥ ጨምሬ በሳጥኔ አስቀመጥኩ። የክፍሌ ልጆች «ቫይታሚንህን ዋጥክ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። አንዱማ ፈተና ሲደርስ «እስቲ አንድ ስጠኝ፤ ጉልበት ይሆነኛል» ብሎ ቢለምነኝ ከለከልኩት።

አሁን ወደ ጨለማው ክፍል ልግባ። ባለፈው ነሐሴ አያቴ አረፈች። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እናቴ ሥራ ስትውል በጀርባዋ አዝላኝ የዋለች እሷ ናት። ደሴ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ለቀስተኛው ሞልቶ፣ አክስቶቼ ፊታቸው እስኪያብጥ አልቅሰዋል። እኔም ወደ አስከሬኑ ቀርቤ ቆምኩ። ኀዘኑ በውስጤ እንዳለ አውቀዋለሁ፤ ልክ በመስታወት ውስጥ ያለ ዕቃ ይታየኛል፤ እጄ ግን አይደርስበትም። አንዲት እንባ አልመጣችም። በአገራችን ለቅሶ ላይ ያላለቀሰ ሰው እንዴት እንደሚታይ አታጡትም። አንዷ አክስቴ እኔ እንድሰማት አድርጋ «አዲስ አበባ ልቡን አደነደነችው» አለች። መልስ አልነበረኝም። «አዲስ አበባ አይደለችም፤ 100 ሚሊ ግራም ነው» ልበላት?

እንግዲህ በኅዳር ሲኒማ ቤት ተቀምጬ አምፖል ስቆጥር የነበርኩት ሰውዬ ይህን ተሸክሞ ነበር። ፊልሙ ጥፋተኛ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ! ፊልሙ ጥፋተኛ ከሆነ እኔ ነጻ ነኝ፤ ለአያቴም ያላለቀስኩት በሌላ ምክንያት ይሆናል።

በፊልሙ ላይ የማቀርበው ክስ ደግሞ ባዶ አይደለም። አባቶቻችን በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብለው ሰየሙት። እንስቅባቸዋለን፤ ነገር ግን በነጭ ጨርቅ ላይ ጥላ ሲንቀሳቀስ አይተው የደነገጡ ሰዎች ቢያንስ ደንግጠዋል። እኔም በልጅነቴ ደሴ በአንድ ቪዲዮ ቤት፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን፣ የህንድ ፊልም ሳይ ከጎኔ ካለው ከማላውቀው የሊስትሮ ልጅ ጋር አብረን አልቅሰናል። ቋንቋውን ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ወንድምየው ሲሞት ግን ሞተ፤ ተመልሶ አልመጣም።

የዛሬዎቹ ታላላቅ የሆሊውድ ፊልሞች ግን ሞትን ራሱን ቀልድ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «አቬንጀርስ፡ ኢንፊኒቲ ዋር» ፊልም በዓለም ካለው ሕይወት ሁሉ እኩሌታው አንድ ጣት ሲጮኽ እንደ አመድ ይበተናል። በሚቀጥለው ዓመት በ2019 «ኤንድጌም» ወጣ፤ ሦስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ የተበተኑት ይመለሳሉ። አዎን፣ ሳይመለሱ የቀሩም ጀግኖች አሉ። ነገር ግን ሞት በሚቀጥለው ፊልም የሚሻር ከሆነ ተመልካቹ ለምን ያዝናል? ቲኬቱን ገዝቶ ይጠብቃል እንጂ። አያቴ ግን ተከታይ ክፍል የላትም።

ሁለተኛው ክሴ ስለ ጥድፊያው ነው። ዴቪድ ቦርድዌል የተባለው አሜሪካዊ የፊልም ሊቅ እንዳሰላው፣ እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1960 ድረስ በተሠሩት የሆሊውድ ፊልሞች ካሜራው ሳይቋረጥ የሚያሳየን አንድ እይታ በአማካይ ከ8 እስከ 11 ሰከንድ ይቆይ ነበር። በመቶው ዓመት መጨረሻ ግን ከ3 እስከ 6 ሰከንድ ብቻ ሆኗል። እስቲ በሰዓታችሁ ላይ ሦስት ሰከንድ ቁጠሩ። የሰው ፊት አዝኖ ለማየት ይበቃል? በጭንቀት የተያዘ ሰው አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ ብትጠይቁኝ፣ ልክ እንደዚህ ነው እላችኋለሁ፤ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይዘላል። እኔ ከዚህ ለመዳን ክኒን ስውጥ፣ ሲኒማ ቤቱ ገንዘብ አስከፍሎ ወደዚያው ይመልሰኛል።

ሦስተኛው ክሴ ከሁሉም ይብስብኛል። ፊልም ሠሪዎች እንደ እኔ ያለውን ሰው ምን አድርገው ያሳዩታል? እ.ኤ.አ. በ1960 ከወጣው ከሂችኮክ «ሳይኮ» ጀምሮ አእምሮው የታመመ ሰው ቢላዋ ይዞ ከመጋረጃ ጀርባ ይቆማል። በ2019 በወጣው «ጆከር» ዋናው ሰው ሰባት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳል፤ መንግሥት የሕክምናውን ገንዘብ ሲያቋርጥበት መድኃኒቱን ያጣል፤ ከዚያ በፊት የጀመረውን ሰው መግደልም ይቀጥልበታል። ፊልሙን በመኝታ ክፍላችን በላፕቶፕ ስናየው ከጓደኞቼ አንዱ «መድኃኒቱን ያቆመ እብድ ይሄው ነው» ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የቫይታሚኑ ዕቃ ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

ነፍሰ ገዳይ ያልሆነ እንደሆነ ደግሞ ሊቅ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውና ኦስካር የተሸለመው «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» ስለ ሒሳብ ሊቁ ስለ ጆን ናሽ ነው፤ ናሽ በ1994 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። በፊልሙ ውስጥ ሽልማቱ በተቃረበበት ጊዜ ናሽ አዳዲስ መድኃኒቶችን እንደሚወስድ ይናገራል። እውነተኛው ናሽ ግን ከ1970 ጀምሮ መድኃኒት አልወሰደም። እንግዲህ ይህ ፊልም ለእኔ ወገን የዋሸልኝ መሆኑ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን አላለኝም። ክኒኑ ውሸት የሚያስፈልገው መድኃኒት አይመስለኝም። በእኛ አገር ፊልሞችም እብዱ ወይ መንገድ ዳር ቆሞ ምሥጢር የሚናገር ነቢይ ነው፤ ወይም ሰው ሲሰለች የሚያስቅ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ አንድ ክኒን በውኃ ውጦ፣ ደብተሩን ይዞ ወደ ክፍል የሚሄድ ሰው በየትኛውም ፊልም አላየሁም።

ክሱ እንግዲህ ይህን ያህል ነው። ቢሆንም ዳኛው እንዳልጠራ አውቃለሁና፣ በታኅሣሥ አንድ የሞኝ ሥራ ሠራሁ። ለማንም ሳልናገር ክኒኑን አቆምኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ መድኃኒቱ ከደሜ ይውጣ፤ ከዚያ ሲኒማ ቤት ልግባ፤ ካለቀስኩ ጥፋቱ የክኒኑ ነው፤ ካላለቀስኩ የፊልሙ ነው። የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን ይህን ሙከራ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እገምታለሁ።

በሦስተኛው ቀን አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር በራሴ ውስጥ ኤሌክትሪክ ብልጭ የሚል መሰለኝ። ዞረብኝ፤ ሌሊት በቅዠት ስባንን አደርኩ፤ በትንሽ ነገር ተቆጣሁ። በአሥረኛው ቀን ሲኒማ ቤት ገባሁ። ፊልሙ ገና አልጀመረም ነበር፤ ማስታወቂያ ይታያል። አንዲት እናት ለልጇ ወተት በብርጭቆ ትቀዳለች፤ ልጁ ይጠጣና ፈገግ ይላል። ይህን ጊዜ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ! ለአያቴ ያልወጣው እንባ ለዱቄት ወተት ወጣ። ሳቄም መጣ፤ እያለቀስኩ ሳቅሁ። ፊልሙ ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ግን ያ የፈተና አዳራሹ ሞት ተመልሶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። የሰው እግር እየረገጥኩ በጨለማው ወጥቼ በሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሙከራዬ ምንም አለማረጋገጡ ነው፤ ለወተት ማስታወቂያ ያለቀሰ ሰው ስለ ፊልም ምን ምስክርነት ይሰጣል?

ሐኪሟ ዘንድ ስመለስ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «ለምን እንዳቆምክ ንገረኝ» አለችኝ። ስለ አያቴ ነገርኳት፤ ስለ ኮርኒሱ አምፖሎችም ነገርኳት። ብዕሯን አስቀምጣ «ይህን ለምን በነሐሴ አልነገርከኝም?» አለች። እንዲህ ያለው መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ ሐዘኑንም ደስታውንም አብሮ እንደሚያደበዝዝ፣ ይህም የታወቀ ነገር መሆኑን፣ መጠን በመቀነስ ወይም መድኃኒት በመለወጥ ሊረዳ እንደሚችል አስረዳችኝ። ራሴ ላይ ብልጭ ይል የነበረውም መድኃኒቱን በድንገት በማቆሜ እንጂ እብደት አለመሆኑን፣ መቆም ሲኖርበትም ቀስ በቀስ እንደሚቀነስ ነገረችኝ። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ወራት «እንዴት ነህ?» ባለችኝ ቁጥር «ደህና ነኝ» ስላት ነበር። ሐኪምን እንደ እንግዳ በሰላምታ መሸኘት የእኛ አገር ጨዋነት ይሆናል፤ ሕክምና ግን አይደለም። ከዚያ ወዲህ ወደ 50 ሚሊ ግራም ተመለስን፤ «ይበቃህ እንደሆነ አብረን እናያለን» አለችኝ። እስካሁን በቅቶኛል።

በመጋቢት አንድ እሑድ ማታ፣ የክፍሌ ልጆች ሁለቱ ወጥተው፣ ያ «ቫይታሚን» የከለከልኩት ልጅና እኔ ብቻ ቀረን። በላፕቶፑ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ከፈተ። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፊልም በዓል እንደ ተሸለመ ታውቃላችሁ። ጀርመን አገር የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተበታትኖበት፣ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይሄዳል፤ አይጣደፍም። የእናትየውን ፊት ታያላችሁ፤ ደግሞ ታያላችሁ፤ ካሜራው ትቷት አይሄድም። እናትየው «ልጄ ምን ሆነ?» የሚለውን ጥያቄ በዓይኗ ይዛ ስትቀመጥ፣ እናቴ በስልክ ለአፍታ ዝም ያለችው ትዝ አለኝ። ጉሮሮዬ ታነቀ። ከዚያ አንዲት እንባ መጣች። ብዙ አይደለችም፤ አንዲት ናት። ክኒኑን በዚያው ጠዋት ውጬ ነበር።

ጓደኛዬ ፊልሙን አቁሞ «ምነው?» አለኝ። ነገርኩት። ከፈተናው አዳራሽ ጀምሮ እስከ አያቴ ለቅሶ ድረስ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝና በመጨረሻ ምን አለ መሰላችሁ? «ታዲያ ያንን ቫይታሚን የከለከልከኝ ለዚህ ነው? እኔ እኮ ስስታም ነው ብዬ ለግቢው ሁሉ ተናግሬብሃለሁ!» ሳቃችን ከጎረቤት ክፍል አስጮኸብን። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ሳልውጥ ከወጣሁ ከደረጃው ላይ ጠርቶ የሚመልሰኝ እሱ ነው። «ደረቅ» የሚባለውም፣ በኅዳር በጃኬቱ እጅጌ ዓይኑን የጠረገውም ይኸው ልጅ ነው።

እንግዲህ ለአዘጋጁ የገባሁለትን ቃል ለመፈጸም ፍርዴን ልስጥ። ፊልሙም እኔም ጥፋተኞች ነን። ክኒኑ መስኮቱን ትንሽ አደብዝዞት ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ይህም እውነት ነው። መስኮቱ ሲጠራልኝና ከማዶ እውነተኛ ሰው ሲቆም ግን አየሁ። ስለዚህ ክኒኑን እየዋጣችሁ «ልቤ ሞተ» ለምትሉ ሁሉ፣ በዚህ ግቢ እንደ እኔ በቫይታሚን ዕቃ የደበቃችሁ እንዳላችሁ አልጠራጠርምና፣ ምክሬ አጭር ናት። እንደ እኔ በራሳችሁ ፈቃድ አታቁሙ፤ «ደህና ነኝ» ብላችሁም ሐኪሙን አትሸኙ፤ የጎደለባችሁን ንገሩት። ከመካከላችን ነገ የፊልም ድርሰት ለምትጽፉ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ቢላዋም የኖቤል ሽልማትም የሌለው፣ ክኒኑን ውጦ ወደ ክፍል የሚሄድ አንድ ሰው ጻፉልን። ካሜራውም ፊቱ ላይ ከሦስት ሰከንድ በላይ ይቆይ።

የአያቴ ሙት ዓመት በመጪው ነሐሴ ነው። ደሴ እሄዳለሁ። አክስቴም ትኖራለች፤ ዓይኗም ፊቴ ላይ ይሆናል። ላለቅስ እችላለሁ፤ ላላለቅስም እችላለሁ፤ አሁን ሆኜ አላውቀውም። ብቻ ከድንኳኑ ወደ ጓሮ ጠርቼ፣ ለአክስቴ የዛሬ ዓመት ያልነገርኳትን እነግራታለሁ። ክኒኖቼን ደግሞ በገዛ እሽጋቸው እይዛለሁ።

ከሥነ ጥበባት ፋኩልቲ፣
አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ